ዜሮ የተጻፈበት ብልቃጥ

ስቬቶዛር እንደሚለው ወንድሙን ቪቶሚርን የገደለው ያ «የፕላስቲክ ጡጦ» ነው። አርባ አንድ ዓመት ሲጋራ አጭሶ ምንም ያልሆነ ሰው፣ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እንፋሎት በዞረ በሦስተኛው ዓመት ልቡ ከዳው። ራድሚላ እንደምትለው ደግሞ ባሏን የገደለው ያው አርባ አንዱ ዓመት ነው፤ እንፋሎቱ ዕድሜ ጨመረለት እንጂ አልቀነሰበትም።

ከሞተ ሰባተኛው ቀን ነበር። ከፒሮት ከተማ ወጣ ወዳለው መቃብር ከመሄዳቸው በፊት ራድሚላ ኩሽና ውስጥ ለሟች መታሰቢያ የሚቀመሰውን የተቀቀለ ስንዴ በስኳር ትለውሳለች። ስቬቶዛር ከቀብሩ ወዲህ ያልተላጨ አገጩን ያሻሻል።

«ሐኪሙስ ምን አለ?» ጎረቤታቸው ኔቦይሻ በዝግታ ጠየቀ።

«ልቡ ነው አለ» አለች ራድሚላ። «ከምን እንደመጣ አልነገረኝም። እኔም አላውቅም፣ ስቬቶም አያውቅም።»

«እኔ ወንድሜን አውቀዋለሁ፣ ራዳ።»

«አንተ የምታውቀው የሚያጨሰውን ነው።»

ቪቶሚር ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ደረጃው ላይ ይቀመጥ ነበር፤ በተቀመጠበትም ይለኩሳል። ሲጋራ ለማስተው የሚሰጠው ማስቲካም፣ ክንድ ላይ የሚለጠፈውም አልሆነለትም። ኒሽ ከተማ ያለችው የሳንባ ሐኪም ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ስትመክረው፣ «ጉዳት የለውም አልልህም፤ ከምታጨሰው ግን ይሻልሃል። ሁለቱን ካቀላቀልክ ምንም አልሠራህም» አለችው። አራት ወር አቀላቀለ። ከዚያ አንድ ማለዳ መተርኮሻውን አጥቦ ሳሙና ማስቀመጫ አደረገው።

መጠጥ ቤት እነስቬቶዛር «ቪቶ፣ ጡጦህ ሞቋል?» ሲሉት አብሯቸው ይስቅ ነበር። ቤት ሲገባ ግን እራቱን ሳይበላ ይተኛል። ቢሆንም ወደ ሲጋራ አልተመለሰም። ወደ እንፋሎት የሚለወጠውን ፈሳሽ ኒኮቲን ከአሥራ ስምንት ሚሊግራም ወደ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ ወደ ስድስት፣ ወደ ሦስት አወረደ። ኒኮቲን የሌለበት፣ ዜሮ የተጻፈበት የመጨረሻው ብልቃጥ ሳይከፈት ቀረ። አሁን ራድሚላ ካፖርት ኪስ ውስጥ ነው።

መቃብሩ ላይ ሻማ አበሩ፣ ስንዴውን ቀመሱ፣ ወይን አፈሩ ላይ አፈሰሱ። ከዚያ ስቬቶዛር፣ በሕይወቱ ሲያጨስ ለኖረ ሟች እንደሚደረገው፣ አንድ ሲጋራ ለኮሰና አፈሩ ላይ ሊተክለው ጎንበስ አለ።

«የመጀመሪያዋን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አብረን ነው ያጨስናት» አለ። «አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። አንድ ብቻ፣ ራዳ። ለመንገዱ።»

ራድሚላ ፊቱ ላይ ክፋት ፈልጋ አጣች። ክፋት ቢኖርበት ይቀልላት ነበር። ሲጋራውን ከጣቶቹ መሐል ወስዳ ወይኑ ባራሰው አፈር አጠፋችው። ብልቃጡን ከኪሷ አውጥታ ከሻማው አጠገብ አቆመችው።

«ኧረ ሰው ምን ይላል?» አለ ኔቦይሻ።

«ያሻውን ይበል።» የእጇን አፈር አራገፈች። «በአርባውም፣ በመንፈቁም፣ በሙት ዓመቱም እዚህ ሲጋራ አይለኮስም። ቪቶሚር ትቶ ነው የሞተው። ከሞተ በኋላ አላስጀምረውም።»