ከኋላ ቦታ አለው

“ደላይት፣ መኪናሽ ከኋላ ቦታ አለው?” አሉ ጋሽ ሰርፀ በስልክ።

“አለው ጋሼ። እንዲያውም በጣም ሰፊ ነው።”

“ተባረኪ! በቃ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ፣ ካፌው በር ጋ ነይልኝ። ሌሎቹን መኪኖች አሁኑኑ ልሸኛቸው።”

ጋሽ ሰርፀ ልቅሶም ሰርግም ሲሆን መኪና የሚያደላድሉ ሰው ናቸው። ባለፈው ደላይትን የጠሯት የውሃ ካርቶንና ታጣፊ ወንበሮች እንድታደርስ ስለነበር፣ ዛሬም ወደ ልቅሶው ቤት የሚሄድ ዕቃ መሰላት። ለዕቃ ከሆነ አልዋሸችም። ትንሿ መኪናዋ ከፊተኞቹ ሁለት ወንበሮች ኋላ ባዶ ነበረች።

ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር ስትደርስ ግን ካፌው በር ላይ ካርቶን አልነበረም። እትዬ መንበረ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። አጠገባቸው ጋሽ ጃብር ነጭ ቆባቸውን አድርገው ሰዓታቸውን ያያሉ። ሌላ ሰው የለም፤ መኪኖቹ ሁሉ ሄደዋል።

“ቶሎ በይ ልጄ፣” አሉ ጋሽ ጃብር። “የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር እንደተሰገደ፣ ይሰገድባትና ወደ መቃብር ይወስዷታል። እኛን ብለው አይጠብቁም።”

የሞተችው ሳን ሆዜ የምትኖረው ዙሌይካ ናት። ለጋሽ ጃብር የአጎታቸው ልጅ ነች። ከእትዬ መንበረ ጋር ደግሞ የሆቴል አንሶላ እያጠቡ አብረው ያረጁ ጓደኛሞች ነበሩ። የሆቴሉ አለቆች ሁለቱን መለየት አቅቷቸው አንዷን በሌላዋ ስም ይጠሩ ነበር፤ እነሱም አርመዋቸው አያውቁም።

እትዬ መንበረ የፊቱን ወንበር ለጋሽ ጃብር ትተው የኋላውን በር ከፈቱ። አንድ እግራቸውን አስገብተው ቀሩ።

“ውይ! ወንበሩስ?”

ጋሽ ጃብር አጎንብሰው አዩ። ራቁቱን የቀረ ብረት፣ የተጠቀለለ ሽቦ፣ የቡሎን ቀዳዳዎች። “ሰረቁሽ እንዴ? ኦክላንድ ውስጥ መስኮት ሰበሩ ሲባል እንጂ ወንበር ነቀሉ ሲባል አልሰማሁም።”

“አይ… እኔ ነኝ ያወጣሁት። ክብደት ለመቀነስ ነው።”

እትዬ መንበረ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። “የምን ክብደት አለሽና ነው፣ ነፋስ የሚወስድሽ ልጅ!”

“የእኔ አይደለም እትዬ። የመኪናው።”

“መኪና ደግሞ ለምን ይከሳል?”

መልስ ነበራት። እሑድ እሑድ ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ብርቱካናማ ኮኖች ይደረደራሉ፤ ደላይት ሄልሜት አድርጋ በመካከላቸው ለውድድር በሰዓት እየተለካች ትነዳለች። የቀለለ መኪና ቶሎ ይታጠፋል። ሰው ፊት ድምፅዋ የማይወጣው ልጅ እዚያ ጎማ ታስጮሃለች። እናቷ እንኳ አያውቁም፤ ኦቨርታይም የምትሠራ ይመስላቸዋል። ይህን ነጠላ ላዘቀዘቀ ሰው ከየት ጀምራ ትንገረው?

“እንዲያው ሰው ላለመጫን ነው?” አሉ ጋሽ ጃብር። ክፋት አልነበረበትም፤ መጠየቃቸው ብቻ ነበር።

ወንበሩን ስትፈታ ስለ ኪሎው አስባ ነበር እንጂ፣ ማን ይቀመጥበት እንደነበር ትዝም አላላት። እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ “ሰው ፊት አትቅለዪ” ይሏታል። ጆሮዋ ጋለ።

“ግድ የለም፣ እኔ ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ፣” አሉ እትዬ መንበረ። “የሚነጠፍ ነገር ካለሽ ስጪኝ። ሱዳን የገባሁት ጭነት መኪና ላይ፣ ከማሽላ ጆንያ ጋር ነው።”

“አይሆንም እትዬ። ቀበቶ የለውም። ፍሪዌይ ነው።”

“እንግዲያው አንተ ሂድ ጃብር። ዘመዷ አንተ ነህ።”

“አንቺን መንገድ ላይ ጥዬ? እሷ ብትሰማ ከሞቷ ተነሥታ ትሰድበኛለች። ይልቅ ደላይት፣ ኡበር ኮል አድርጊልን።”

ደላይት ስልኳን አወጣች። ቅርብ መኪና ነበር። ጣቷን ልታሳርፍበት ስትል፣ ከኡበሩ ኋላ ባዶ መኪናዋን እየነዳች ሳን ሆዜ ስትደርስ ታያት። ለቀስተኛ ሴቶቹ “ምነው በኡበር መጣችሁ?” ሲሉ፣ እትዬ መንበረ ስለ ክብደቱ ሲያስረዱ፣ ሰዉ ዞሮ ሲያያት።

ስልኩን መልሳ ከተተችው። “አያስፈልግም። ወንበሩ ቤቴ ነው፤ ቤቴ ደግሞ እዚሁ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።”

ሁለቱ ተያዩ።

“አንቺ ካልሽ፣” አሉ እትዬ መንበረ።

ወንበሩ ሳሎኗ ውስጥ መስኮቱ ሥር ነበር፤ ጨርቅ አልብሳው እንደ ሶፋ ትጠቀምበታለች። እሷ መፍቻዎቿን ስትፈልግ እትዬ መንበረ ደክሟቸው አረፍ አሉ።

“ይቅርታ እትዬ፣” አለች ደላይት። “እሱ ነው።”

እትዬ መንበረ የተቀመጡበትን አዩ፤ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ።

ጋሽ ጃብር በአንድ በኩል ይዘውላት ደረጃውን አወረዱት። ደላይት በጥቁር ቀሚሷ መኪናው ውስጥ ተንበረከከች። የመጀመሪያዎቹ ቡሎኖች በቀላሉ ገቡ። የመጨረሻውን ስትቸኩል አጣማ አስገባችው፤ የቡሎኑ ጥርስ ተበላና ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልሄድ አለ። ጋሽ ጃብር በስልካቸው ያበሩላት ነበር። ብርሃኑ ከእጇ ላይ ተነሥቶ ወደ ሰዓታቸው ሄደ፤ ተመለሰ።

“አሁንም ያንን ኡበር ብንጠራው?” አሉ እትዬ መንበረ ከውጭ።

“ደረሰ እትዬ። ደረሰ።”

አልደረሰም ነበር። ቡሎኑን ነቅላ በሌላ እስክትተካው፣ ቀበቶዎቹንም እስክታስር፣ ፀሐይዋ ከመንገዱ ማዶ ወደ መኪናው ጣሪያ ተሻግራ ነበር።

ፍሪዌዩ ላይ መኪናዋ ከበደች። ደላይት ነዳጅ ስትረግጥ ዘግይታ ነው የምትነሣው። ሔይዋርድ ጋ ትራፊክ ያዛቸው። ጋሽ ጃብር ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ያደርጋሉ። እትዬ መንበረ በመስታወቱ ውስጥ ይታያሉ፤ ቀበቶውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

“ምቹ ነው፣” አሉ ከኋላ። “ወንበሩ።”

ደላይት ከዚያ ወዲያ መስታወቱን አላየችም።

መስጊዱ ሲደርሱ የጫማ መደርደሪያው ባዶ ነበር። አንድ ሰውዬ ምንጣፍ ይጠርጋሉ። ጋሽ ጃብር ገብተው አነጋገሯቸው፤ እትዬ መንበረ በሩ ላይ፣ ጫማቸውን ያውልቁ አያውልቁ ሳይወስኑ ቆመው ጠበቁ።

“ወስደዋታል፣” አሉ ጋሽ ጃብር ሲወጡ። “ለሰርፀ ደወልኩ። አፈሩንም መልሰው ጨርሰዋል።”

“እትዬ፣ ይቅርታ። እኔ…” አለች ደላይት።

እትዬ መንበረ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺ ይሁን አይሁን አልታወቀም። “ውሃ አለሽ?” አሏት።

አልነበራትም። መኪናዋ ውስጥ ትርፍ ዕቃ አታስቀምጥም።

ከዚያ ሦስቱም ወደ መኪናው ተመለሱና ወደ ልቅሶው ቤት ሄዱ። እትዬ መንበረ ከኋላ ተቀመጡ።