ድንገተኛ ጨዋነት

ልጆቼ ባለጉብኝ ብላ የምትጨነቅ እናት ሞልታለች፤ ይቺኛዋን ግን እንቅልፍ የነሳት ልጆቿ ድንገት ጨዋ መሆናቸው ነው።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ነው። የሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስትተኩስ ውላ ወገቧን ይዛ ስትገባ ሳህኑ ሁሉ ታጥቦ ተደርድሯል። ማክሰኞ ደግሞ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጇ፣ ያቺ ተላኪ ሲሏት ሰማይ የተደፋባት የሚመስላት፣ ማንም ሳይጠይቃት ውሃ በብርጭቆ ይዛ በር ላይ ጠበቀቻት። ረቡዕ ድንቡሼ፣ የስድስት ዓመቱ ዐመለኛ ወንድሟ፣ ካልሲውን ራሱ አጥቦ መስኮት ላይ አሰጣ። ሳሙናው አልለቀቀም፤ ቢሆንም አጥቧል።

«ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» አለች እናት በሆዷ። አንድ የሰበሩት ነገር አለ። ቴሌቪዥኑን ከፈተችው፤ ይሠራል። የቁም ሳጥኑን መስታወት ፈተሸች፤ ደህና ነው። ብርጭቆ አልጎደለም። የልጅቷ መምህር ጋ ብትደውል ጭራሽ ሰሞኑን በርትታለች ብሎ አመሰገናት። ይሄኔ የባሰ ፈራች፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ደግሞ እሷ ብቅ ስትል ሹክሹክታቸውን ያቆማሉ። አባታቸው ጥሏቸው ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነውና የዚያ ቤት ዓይንም ጆሮም እሷው ብቻ ናት።

ቅዳሜ ዳቦ ግዙ ብላ ሁለቱንም ላከቻቸውና ክፍላቸውን በረበረች። የድንቡሼን ፍራሽ ብታነሳው የክት ጫማዋ፣ መታወቂያዋና የመንገድ ቦርሳዋ ተደርድረው ተኝተዋል። ደሟ ፈላ። ሲመለሱ ፍራሹን ገልብጣ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ለካ ያሳደግሁት ሌባ ነው አለቻቸው።

ድንቡሼ ዳቦውን እንዳቀፈ ማልቀስ ጀመረ። «ጫማ ከሌለሽ አትሄጂም ብለን ነው።»

የቀረውን እህቱ ተናገረች። ባለፈው እሁድ እናታቸው ለአክስታቸው በስልክ፣ በቃኝ፣ አንድ ቀን ጥያቸው እጠፋለሁ ስትል ሰምተዋል። ጨዋ ከሆንን ትቀራለች ብለው ተማከሩ። ጨዋነቱ ባይበቃስ ብለው ደግሞ ጫማዋን ደበቁ።

እናት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሰው ሲመረው የሚለው ነው ልትል ነበር። ግን ያን ዕለት ስልኩን እንደያዘች ለአንድ አፍታ ከልቧ አስባው ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጣ፣ እማዬ የሚላት ሰው በሌለበት። አፈረች።

«የትም አልሄድም፤ እናቴን።»

«አባዬም ምሎልን ነበር» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

እናት ጎንበስ ብላ የተጫማችውን የሥራ ሸራ ጫማ ፈታች፣ ከክቱ ጎን አስቀመጠችው፣ ፍራሹንም መልሳ ከላይ ጫነችበት።

ድንቡሼ ዕንባውን በእጅጌው እየጠረገ ባዶ እግሯን አየ። «ሰኞ ሥራ በምን ትሄጃለሽ?»

«ጠዋት አንተ ታወጣልኛለህ። ስመለስ መልሼ አስረክብሃለሁ።»

ልጁ እሷንም ፍራሹንም ተራ በተራ አየ።

«አንዱን እግር ብቻ ነው የምሰጥሽ» አላት።