አሜን ሳልል የመጣው ሞገድ

ጠጋ በሉ እስቲ፣ ዝም በሉ፣ ኖኤል አንተም ሞባይልህን አስቀምጥ፣ እላቸዋለሁ እሁድ ከቸርች ስንወጣ፣ ጋሽ ግዛው ባሕር ገብቶ ነበር ብላ ይቺ የእህቴ ልጅ ቢታንያ ሳትቀድመኝ እኔው አሳምሬ አወራዋለሁ፣ ግን ምን ብዬ፣ ጥርሴ ራሱ ይንቀጫቀጫል፣ ብርድ ነው፣ ብርድ ብቻ ነው፣ አንድ እግሬ ባዶውን ነው፣ የቸርች ጫማዬን ባሕሩ ወሰደው፣ ሶሉ እንደ መስታወት የሚያንሸራትት፣ ቢታንያ ነግራኝ ነበር፣ ጋሼ በዚህ ጫማ እርጥብ ድንጋይ ላይ አይወጣም፣ ቬስቱንም ልበስ ብትወድቅ ያንሳፍፍሃል፣ ናይ አልኳት እንደ ኖርዌዮቹ፣ አይሆንም፣ እርጉዝ ልምሰል እንዴ፣ ጣት የምታክል ዓሣ በመረብ ልንቀዳ መጥተን ጦር ሜዳ የምንዘምት ይመስል።

ውሃው ደሞ ጸጥ ብሎ ነበር። ዘይት።

ትልቁ የመንገደኛ መርከብ አለፈ፣ እጄን አውለበለብኩለት፣ ሄደ፣ አለቀ አልኩ፣ መረቡን ሳንጥል እንጸልይ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ አልኳት፣ ከሰፈራችን ከሆልምሊያ በታች እዚህ አለቱ ጫፍ ላይ ጀርባዬን ለባሕር ሰጥቼ፣ እኔ ደሞ ከጀመርኩ መቼ ማቆም አውቃለሁ፣ ለእናቷ ለእህቴ ለትርንጎ የወገብ ሕመም፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ለኮሙኑ ሠራተኞች ሳይቀር፣ ለካ መርከቡ ጥሎት የሄደው ሞገድ ቀስ ብሎ እየመጣ ነው፣ ጉልበቴን ከኋላ ሲመታኝ አለቱ ከሥሬ ጠፋ፣ ከዚያ ኮሌታዬ፣ ባርነሃገ፣ መዋለ ሕፃናት፣ ያመላለስኳት ልጅ በኮሌታዬ እንደ በግ ጎትታ አወጣችኝ።

አመሰገንኳት? የት አባቴ! በጸሎት ሰዓት ዓይንሽን ለምን ገለጥሽ ብዬ ጮህኩባት፣ ምን ዓይነት አፍ ነው የሰጠኝ፣ አሁን ቬስቱን እንደ ሕፃን እያለበሰችኝ ነው፣ ማሰሪያውን ታስራለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና አጥብቃ ታስራለች፣ ልቀልድ አፌን ስከፍት ጨው ጨው ይላል።

ደሞ የሚያናድደው፣ አሜን አላልኩም እኮ፣ ጸሎት መሃል ላይ ተበጥሶ ይቀራል እንዴ፣ ልጨርሰው ቢታንያ፣ ከፈለግሽ ከጫፉ እንራቅ፣ ግን በሥርዓቱ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ታላቅሽ ነኝ።

አንተ ጨፍን ጋሼ፣ እኔ ባሕሩን አያለሁ።