ሰማንያ ስምንት ቁጥር

ሂልዳ ክሮዚየር ጡረታ ልትወጣ አራት ወር ሲቀራት ነው ጉዱ የወጣው።

እስከዚያ ቀን ድረስ በዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ጥናት ክፍል እንደ እሷ እጁ የተመሰከረለት ሰው አልነበረም። ማን ከማን ጋር እንደሚወዳጅ፣ ማን ምስጢሩን ለማን እንደሚያካፍል የሚያሳዩ ካርታዎችን ስትስል ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖራለች። ሰው ነጥብ ነው፤ ወዳጅነቱ መስመር ነው። መስመር በመስመር ላይ ከተደራረበ ግን ዓይን ይጠፋበታል። ስለዚህ ሰሌዳ ላይ ሚስማር ትመታለች፣ ክር ትወጥራለች፣ አላምር ሲላት ነቅላ ሌላ ቦታ ትመታዋለች። ክሮቹ መነካካት ሲተዉ ብቻ በጥቁር ቀለም ወረቀት ላይ ታሰፍረዋለች። አንዳንዱ ካርታ ክረምቱን ሙሉ ይፈጅባት ነበር።

ስሟን ያስጠራው የመጀመሪያ ሥራዋ ነው፤ የግሌን ፎርክ ካርታ። እንደ ፈረንጆች በ1953 ፕሮፌሰር ላንግፎርድ ጠያቂዎች ልኮ፣ የዚያችን የወረቀት ፋብሪካ ከተማ ሰዎች “ቤትዎ ችግር ቢገባ መጀመሪያ ለማን ይነግራሉ?” ብሎ አስጠየቀ። መቶ አርባ ሁለት ቤት መለሰ፤ ካርዱ ላይ ግን በስም ፈንታ የየቤቱ ቁጥር ተጻፈ። በሂልዳ ሥዕል ላይ መሀል ቁጭ ብላ መስመሩን ሁሉ የምትቀበለው ሰማንያ ሦስት ቁጥር ነበረች፤ የፓስተሩ ሚስት፣ ሚስስ ባላንታይን። ላንግፎርድ ካርታውን ያወጣበት መጽሐፍ ስም ባይጠራም የከተማው ሰው “ከእሳቸው በቀር ማን ሊሆን?” አለና፣ ሲሞቱ የከተማውን አዳራሽ በስማቸው ሰየመላቸው።

ሂልዳ ጡረታ ልትወጣ በተቃረበችበት ዓመት ሱኒታ የምትባል አዲስ መምህርት ወደ ክፍሉ መጣች። ቀልድ የምትወድ፣ ኮምፒዩተሯን እንደ ልጅ የምታሞካሽ ሴት ናት። የድሮዎቹን የመጠይቅ ካርዶች ከምድር ቤት አስወጥታ አንድ በአንድ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አስገባቻቸውና፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሂልዳን ጠራቻት።

“ሚስ ክሮዚየር፣ ይምጡ! ግሌን ፎርክን ማሽኑ ሲስለው እንይ።”

“ማሽን ደሞ ዓይን አለው?”

“ዓይንስ የለውም፣ ጉልበት ነው ያለው። ነጥቦቹ እርስ በእርስ ይገፋፋሉ፤ መስመሮቹ ደግሞ እንደ ላስቲክ ይጎትቷቸዋል። ሲገፋፉና ሲጓተቱ ቆይተው ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። የሰው እጅ አይነካውም።”

“የሰው እጅ ያልነካው ሥራ ምኑ ሥራ ነው?” አለች ሂልዳ፤ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ሱኒታ ቁልፉን ተጫነች። ነጥቦቹ እንደተደፋ ምስር በኮምፒዩተሩ መስተዋት ላይ ተበታተኑ፤ ከዚያ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ሂልዳ ዓይኗን ሰማንያ ሦስት ላይ ተክላ ወደ መሀል ስትመጣ ጠበቀች። አልመጣችም። እየተንሸራተተች ወደ ዳር ሄደች። በምትኩ ከታች ጥግ አንዲት ነጥብ ተነሥታ፣ ሌሎቹን እየገፈተረች ሽቅብ ወጣችና መሀል ላይ ቆመች።

“ውይ!” አለች ሱኒታ። “ሰማንያ ስምንት! ሃያ ሁለት ሰው ለእሷ ነው የሚነግረው። ያቺ የእርስዎ ሰማንያ ሦስት ግን ያላት አራት ሰው ብቻ ነው። ደሞ ይኸውልዎት፣ እሷ ራሷ የምትነግረው ለሰማንያ ስምንት ነው።”

ሂልዳ ወንበሯን ወደ መስተዋቱ አስጠጋች።

“እስቲ ሰማንያ ስምንትን ላውጣት” አለችና ሱኒታ አንድ ቁልፍ ነካች።

ነጥቧ ጠፋች። ከተማዋም ወዲያው ለሁለት ተሰነጠቀች። የኮረብታው ሰዎች ወደ ላይ፣ የወንዙ ዳር ሰዎች ወደ ታች ተንሳፍፈው፣ መሀሉ ባዶ ሆነ። አንድ ክር እንኳ አላገናኛቸውም።

ሂልዳ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች።

ሰማንያ ስምንት ቁጥር እናቷ ነበረች።

“ካርዶቹ ተሳስተው ይሆን እንዴ?” ስትል ሱኒታ ጠየቀች።

“እኔም ያኔ እንዲያ ነበር ያልኩት” አለች ሂልዳ። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። “እኔ ነኝ። የቀየርኩት እኔ ነኝ።”

የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለች የትኛው ቁጥር የማን ቤት እንደሆነ የሚያሳየው የስም መዝገብ በእሷ እጅ ነበር። ካርዶቹን ስትገልጥ ሰማንያ ስምንት፣ እንደገና ሰማንያ ስምንት፣ አሁንም ሰማንያ ስምንት። ሳቀች። የሰው ልብስ አጥቢዋ አግነስ ክሮዚየር! ቤታቸው እንግዳ ገብቶ ሻይ ጠጥቶ አያውቅም። እናቷ በየእሑዱ ብቻዋን መስኮት ሥር ነው የምትቀመጠው። ጠያቂዎቹ በችኮላ 3ን 8 አስመስለው ጽፈውት ነው ብላ፣ መስመሮቹን ነቅላ ለፓስተሩ ሚስት ሰጠቻቸው። አንድ ካርድ ብቻ አስቸግሯት ነበር፤ የሚስስ ባላንታይን የራሳቸው ካርድ። እሱም “ሰማንያ ስምንት” ነው የሚለው። እሱን ሲያርሙት ሴትዮዋ ችግራቸውን ለራሳቸው ይነግራሉ ማለት ሆነ። ያ ካርድ ሊያነቃት ይገባ ነበር። እሷ ግን “የማይረባ መልስ” ብላ ወደ ጎን አስቀመጠችው።

ሱኒታ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማቻት። “ፕሮፌሰሩ ያውቁ ነበር?”

“አልጠየቀኝም። ሥዕሉ አምሮለት ነበር።”

በማግሥቱ ሂልዳ በበረዶ መንገድ ሦስት ሰዓት ነድታ ግሌን ፎርክ ገባች። እናቷ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ግን ጆሮዋም ምላሷም አልደከመም። ኩሽና ተቀምጣ ድንች ትልጣለች።

“በሥራ ቀን? ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም፣ እማዬ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያኔ ሰዎች ችግራቸውን ለአንቺ ይነግሩሽ ነበር?”

“ለማን ሊነግሩ ኖሯል?”

“ቤታችን ሰው አይመጣም ነበርኮ!”

“በፊት ለፊት በርማ ማን ይመጣል! በጓሮ ነው እንጂ፣ ልብሳቸውን ይዘው። አንቺ ያኔ ትምህርት ቤት ነሽ።” አግነስ ቢላዋዋን አስቀመጠች። “የሰው አንሶላ የሚያጥብ ምን የማያውቀው አለ? ደሙን አያለሁ። የጨነገፈውን አያለሁ። ባልየው ሶፋ ላይ ማደር ሲጀምርም አውቃለሁ። ያወቅሁትን ምን ብለው ይደብቁኛል? እኔ አሻለሁ፣ እነሱ ቆመው ያወሩታል።”

“ለእኔ እንኳ አንድ ቀን ትንፍሽ አላልሽም።”

“ትንፍሽ ብልማ ሁለተኛ ይመጡ ነበር?”

“ሚስስ ባላንታይንም?”

አግነስ ድንቹን መልሳ አነሣች። “የሞተን ሰው ተዪ።”

ያን ጊዜ ሂልዳ ያደረገችውን ሁሉ ተናገረች፤ ካርዶቹን፣ ክሩን፣ አዳራሹን። ስትጨርስ እናቷ ድንቹን ከእጇ አኖረች።

“‘እናቴን ማን ያምናታል’ አልሽ?”

“አዎ።”

“ብቻዬን የምኖር መስዬሽ ነው?”

“አዎ፣ እማዬ።”

“አይ ልጄ!” አለች አግነስ፤ መሳቅ ጀመረች፣ ሳቁ ግን መሀል ላይ ተቆረጠ። “ብቻሽን የነበርሽውስ አንቺ ነሽ። ትመጫለሽ፣ ክፍልሽን ትዘጊያለሽ፣ የሰውን ወዳጅነት ትቆጥሪያለሽ።”

ሂልዳ በጥፊ የተመታች ያህል ፊቷ ጋለ። “አስተካክለዋለሁ” አለች።

“ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተዪው። ውሸት ስለሆነ ከሆነ ግን አስተካክዪው። ስም ብቻ እንዳታነሺ።”

በጸደይ የታረመው ካርታ በጥናት መጽሔት ወጣ፤ ከሥሩም ሂልዳ ያጠፋችውን በገዛ ስሟ ጻፈች። በክፍሉ ውስጥ ሰላምታ የነሷት ነበሩ። “ሌሎቹስ ካርታዎች?” ያሉም ነበሩ፤ ልክ ነበሩ። ከሱኒታ ጋር ቁጭ ብለው የቀሩትን አሥራ አንድ ካርታዎች ካርድ በካርድ ፈተሹ። በሁለቱ ላይ እሷ ጨርሶ የማታስታውሳቸው መስመሮች ቦታቸውን ለቀው ተገኙ። በእርሳስ የተጻፈው ማረሚያ የእጇ ጽሑፍ ነው። ደጋግማ አየችው፤ መቼ እንደጻፈችው ግን ትዝ ሊላት አልቻለም። የመጨረሻ የሥራ ወሯ እነሱን በማረም አለቀ። የግሌን ፎርክ አዳራሽ ስም አልተቀየረም፤ አግነስም እንዲቀየር አልፈለገችም።

መጽሔቱን ለእናቷ ወሰደችላት። አግነስ መነጽሯን አድርጋ ገጹን ወደ መስኮቱ አስጠጋችና በጣቷ መሀሉን ነካች።

“ይቺ ናት እኔ?”

“አንቺ ነሽ። ሃያ ሁለት ሰው።”

አግነስ መስመሮቹን እያንዳንዳቸውን በጥፍሯ ተከትላ ቆጠረች። ከዚያም ራሷን ነቀነቀች።

“ይሄ ትንሽ ነው።”

“እንዴት ትንሽ ነው?”

“ያ ጠያቂ ቤታቸው ሲመጣ ባል ወይ አማት ከጎን የተቀመጠባቸው ነበሩዋ! እነሱ የእኔን ስም እንዴት ብለው ይጥሩ? ለፓስተሩ፣ ለእህቴ፣ ብለው መለሱለት። በማግሥቱ እየሳቁ ነገሩኝ።”

“ስንት ናቸው?” አለች ሂልዳ።

አግነስ መጽሔቱን አጥፋ መለሰችላት። “እሱን ለአንቺም አልነግርም።”