ድንጋዩ ላይ የበቀሉት

ወለጋ፣ ባኬ ጃማ ውስጥ የባሕር ውሃ ያለበት ቤት የኢቢሴ ብቻ ነው። ልጇ ሮብሳን ከጅቡቲ ጭነት ሲያመላልስ ውሃውን በጀሪካን፣ ጨዉን በማዳበሪያ፣ አንድ ድንጋይና አንድ ብርቱካንማ ዓሣ ደግሞ በባልዲ አምጥቶ ሳሎኗ ውስጥ በመስታወት ሳጥን አኖረላት። በሚቀጥለው ጉዞ መኪናው ከአኖ ከተማ ወዲህ፣ በሩ እንደተከፈተ ቆሞ ተገኘ። ሮብሳን አልተገኘም።

ኢቢሴ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ሊያስተዛዝን የመጣውን ዘመድ ሁሉ ከደጅ መለሰችው። "የእሱ ዓሣ እየዋኘ ማንን ነው የማለቅሰው?"

ሴት ልጇ ኬኔ ዓሣው የሞተ ቀን ምን እንደሚመጣ አላጣችውም። ስለዚህ የባሕር ውሃ አያያዝን ከስልኳ እየለቀመች ተማረች።

አንድ ቀን ድንጋዩ ላይ ቡናማ ነገር በቅሎ አየች። ጫፉ ላይ እንደ ጣት የሚንቀሳቀሱ ክሮች አሉት። ሲጠጉት ሹልክ ብሎ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ ዘወር ሲሉ ይወጣል።

"አኒሞን ይሉታል፤ አበባ መስሎ የነካውን የሚያቃጥል እንስሳ ነው" አለቻት ለእናቷ። "በቢላ እንዳትነኪው ሃርሜ፤ ቁራጩ ሁሉ ይበቅላል።"

ኢቢሴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ጎመን ስታርም የኖረች ሴት ናት። ኬኔ በሌለችበት ከሥሩ ፋቀችው። ብዙም ሳይቆይ ድንጋዩ ጣት በጣት ሆነ።

"ድንጋዩን ላውጣውና ፀሐይ ላይ ላድርቀው" አለች ኬኔ።

"ሮብሳን በእጁ ያስቀመጠውን? እጅሽን አንሺ!"

የቀረው መላ ኖራ ነው። ኬኔ በውሃ ለውሳ፣ በመርፌ ስባ፣ አንድ በአንድ አፋቸው ውስጥ ትጨምራለች። ብዙ ከሆነ ዓሣውንም ይገድላልና በቀን ጥቂት ብቻ ነው። የነካቻቸው ነጥተው ይሟሟሉ፤ በማግስቱ ከድንጋዩ ጥላ ሌሎች ብቅ ይላሉ። ዓሣው ክንፉ ተቃጥሎ ጥግ ይዟል።

የጎጃሟ ጎረቤት ጸሐይወርቅ ገብታ ሳቀች። "ግድግዳሽ ሳይቀባ ድንጋይ መቀባት ጀመርሽ?"

"ከተረፈኝ ለምላስዎም ጠብ አደርግልዎታለሁ፣ እትዬ።"

ጸሐይወርቅ መልስ ልትሰጥ መስታወቱን አየችና አማተበች። "ኧረ እነዚህ… ሁሉም ወደ በሩ ነው የዞሩት። ሰው የሚጠብቁ አይመስሉም?"

"የሳጥኑ ሞተር ውሃውን ወደዚያ ስለሚገፋው ነው" አለች ኬኔ፣ ኮራ ብላ። ጎረቤቷ ስትሄድ ግን መርፌዋን ልትወጋ ሞተሩን አጠፋች። ውሃው ረጋ። ጣቶቹ ከበሩ አልዞሩም።

አንድ ጠዋት ኢቢሴን መስታወቱ ፊት ተቀምጣ አገኘቻት።

"እይልኝ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬ እንዴት እንደሚጫወት!"

ዓሣው በጣቶቹ መሐል ነበር። ወደ ላይ ይነሳል፣ ይዞራል፣ ዝቅ ይላል። ዓይኑ ነጥቷል። የሚዋኘው እሱ አልነበረም፤ ጣቶቹ ነበሩ የሚያዋኙት።

ኬኔ ወደ እናቷ ተጠጋች። እውነቱን ብትናገር ወንድሟን በራሷ አፍ መቅበሯ ነው።

"ሃርሜ… እሱ እኮ…"

"ተይ። ከትናንት ጀምሬ አይቼዋለሁ።" ኢቢሴ ዓይኗን ከመስታወቱ አልነቀለችም። "ይጫወታል ያልኩሽ እሺ ትይኝ እንደሆነ ብዬ ነው። አጎቶችሽን ጥሪ። ድንኳን ይትከሉ።"

ኬኔ ከደጅ ሳትደርስ የእናቷ ጩኸት ከኋላዋ ተነሳ፤ ሮብሳን፣ ሮብሳን እያለ። ጸሐይወርቅ ምን ሆናችሁ ብላ አልጠየቀችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጥሩን አልፋ ገባች።