መርፌው ይቆይ

የፉሪ ሰዎች ጠጅቱን ሲያሟት፣ «እሷ እኮ ዶሮ እሽ ለማለት እንኳ ታፍራለች» ይሉ ነበር። ሐሰት አልተናገሩም። ዳኛ ፊት ቆማ አታውቅም፤ ቄሱ ሲያናግሯት እንኳ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አታወርድም። ባሏ ገርባ ደግሞ ከእሷ የባሰ ዝምተኛ ነበር። ሰው የተቆጣው እንደሆነ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

ጃንሆይ ኢዮቤልዩአቸውን ባከበሩ በዓመቱ፣ ገርባ መኪና ላይ የባሕር ዛፍ ግንድ ሲጭን ግንዱ ተንሸራቶ እግሩን ቀጠቀጠው። አጥንቱ ተሰበረ፤ ሥጋውም ክፉኛ ተቀደደ። ሾፌሩ ጭነቱን እዚያው ሜዳ ላይ አራግፎ ባልና ሚስቱን አዲስ አበባ፣ አንድ ሆስፒታል በር ላይ አደረሳቸው።

የተቀበላቸው ድሬሰር ቁስሉን ሲያጥብ ጠጅቱ ጉሮሮዋን ጠረግ አደረገች።

«ጌታዬ፣ ፔኒሲሊን የሚባለው መርፌ አይስማማውም» አለችው። «አምና ሳል ጠንቶበት ሰበታ ሲወጉት ፊቱ አብጦ ትንፋሽ አጠረው። ከአፈር አፋፍ ነው የተመለሰልኝ። ‹ይህን ስም እስክትሞቺ እንዳትረሺው› ብለውኛል።»

«እሺ እናቴ፣ እናገራለሁ» አላት ቀና ሳይል። እሷም እፎይ አለች።

በማግስቱ ግን ሌላ ድሬሰር መጣ። ዓባይነህ ይባላል፤ እጁ የፈጠነ፣ ብዙ በሽተኛ የሚጠብቀው ሰው ነው። መርፌ ይዞ ገርባ ላይ ሲያጎነብስ፣

«ምንድን ነው?» አለች ጠጅቱ።

«መድኃኒት።»

«ስሙስ?»

«የሕመም ማስታገሻ ነው፤ አንቺ ደግሞ ምን ያደርግልሻል?»

ስለ ፔኒሲሊኑ ስትነግረው፣ ከማንም እንዳልሰማ ታወቀ። ትናንት የተቀበላቸው ሰው ተራውን ጨርሶ ቤቱ ገብቷል፤ ቃሏም አብሮት ሄዷል። ለአንድ ሰው ነግሮ መተኛት እንደማያዋጣ ያን ጊዜ ገባት። ከዚያ ወዲያ ነጭ ለብሶ ለሚገባ ሁሉ ትናገር ጀመር፤ ምግብ ለሚያድለውም፣ ወለል ለምትወለውለውም። በሽተኞቹ «እመት ፔኒሲሊን» ብለው ስም አወጡላት። ጆሮዋ እስኪቀላ ታፍራለች፤ መናገሯን ግን አልተወችም።

ክፉው ነገር የመጠየቂያው ሰዓት ነበር። ሰዓቱ ሲያልፍ ዘበኛው ጠያቂውን ሁሉ እየነዳ ያስወጣል። እሷ ከሌለች ማን ሊናገርለት ነው? ገርባን ራሱን ልታሠለጥነው ሞከረች።

«መርፌ ይዘው ሲመጡ ‹ኩኒ ማሊ? ምንድን ነው?› በል። ፔኒሲሊን ካሉህ ‹ዲዲ› ነው፤ እምቢ በል።»

«ሐኪም እንዴት እምቢ ይባላል?» አላት ገርባ ደንግጦ።

ከጎኑ የተኙ ኦቦ ዱቤ የሚባሉ የሱሉልታ ሽማግሌ ሳቁ። ከፈረስ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ ናቸው፤ አንደበታቸው ግን ደህና ነበር። ጠጅቱ ወደሳቸው ዞረች።

«አባቴ፣ አንቱ ይጠብቁልኝ። እኔ ስወጣ ዓይንዎ ከሱ ላይ አይነሳ።»

«ሂጂ ልጄ፤ ዳሌዬ እንጂ አፌ መች ተሰበረ» አሏት። ፊት ለፊት የተኙትም አደራውን ተቀበሉ።

ከዚያ በኋላ ቁስሉ አመረቀዘ፤ ገርባ በትኩሳት ነደደ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጠጅቱ ከአስታማሚዎች ጋር ግቢው ውስጥ የባሏን ልብስ እያጠበች ሳለ፣ ከክፍሉ መስኮት ስሟ ሲጠራ ሰማች። መጀመሪያ የኦቦ ዱቤ ድምፅ ነበር፤ ወዲያው ክፍሉ በሙሉ ተቀበላቸው።

«ጠጅቱ! ኮቱ! ነይ! ፔኒሲሊን ነው!»

ልብሱን ከነውኃው ለቀቀችው። ዘበኛው እጁን ቢዘረጋ በክንዱ ሥር ሾልካ አለፈች። ስትደርስ ዓባይነህ የገርባን ጭን በጥጥ እየጠረገ ነው፤ ገርባ ራሱን አያውቅም። ባሏና መርፌው መካከል ገብታ የአልጋውን ብረት ጨመደደች።

«ይህ መርፌ ይቆይ!»

በድምፅዋ እሷም ደነገጠች።

«ዶክተሩ ነው ያዘዘው! ቁስሉ ሊገድለው ነው፤ አይታይሽም?»

«ዶክተሩ አላወቀም። አሁኑኑ ይጠራና እኔ ልንገረው።»

ዘበኛው ደርሶ ትከሻዋን ያዘ። ጎተታት፤ አልጋው አብሯት ተንቀሳቀሰ እንጂ እጇ አልለቀቀም። በዚህ መሃል የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ውብአየሁ ገቡ። ሲገቡ ኮቴያቸው ብቻ ክፍሉን ጸጥ የሚያሰኝ ሴት ናቸው።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?»

«ሲስተር» አለች ጠጅቱ እያለከለከች፣ «ይቆጡኝ፤ ብቻ መጀመሪያ ይስሙኝ። ይህን መርፌ አምና ተወግቶ ነበር። ከንፈሩ እንዲህ አበጠ፤ ዓይኑ ተደፈነ፤ ሰውነቱ ሳማ እንደ ለበለበው ሆነ። ከዚያ ትንፋሹ ሲጥ ሲጥ አለ። ክንዴ ላይ ተኝቶ ነው የሰማሁት። ሌላ መርፌ ባይደርስለት ዛሬ መቃብሩ ላይ ነበርኩ።»

ሲስተር ውብአየሁ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥለው ገርባን ተመለከቱ። «ልቀቃት» አሉ ዘበኛውን። መርፌውን ከዓባይነህ እጅ ተቀብለው ሰሃኑ ላይ መልሰው አኖሩት። «ዶክተሩን ጥሩልኝ።»

ፈረንጁ ዶክተር ሲመጣ ሲስተር እያስተረጎሙ ጠጅቱ ነገሩን ከሥሩ ጀምራ ነገረችው። አላቋረጣትም። ያበጠው የት የት እንደሆነ፣ ከተወጋ በኋላ ምን ያህል እንደቆየ ጠየቃት። መልሷን ከሰማ በኋላ መርፌውን ራሱ አንስቶ ደፋው፤ በምትኩ ሰልፋ የሚባል እንክብል አዘዘ። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ፣ «አንቺ ጎበዝ! እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ጥሩ ነገርሽኝ» አላትና እጇን ጨበጠ። ኦቦ ዱቤ ከተኙበት «እሰይ! እሰይ የኔ አንበሳ!» ሲሉ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

ከሰዓት በኋላ ዓባይነህ ብቻውን መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እቴ፣ በማርያም ይቅር በይኝ። ነግረሽኝ ነበር፤ ጆሮ አልሰጠሁሽም።»

«ይቅር ብያለሁ፤ አንተም ሥራ በዝቶብህ ነው» አለችው። «ቃል ከሰው ወደ ሰው ሲሻገር መንገድ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ነው የምጨቀጭቃችሁ።»

ሲስተር ውብአየሁ በገርባ አልጋ ራስጌ ቀይ ጨርቅ አሰሩ፤ ተራ የሚረከብ ሁሉ «ይህ ሰው ፔኒሲሊን አይወጋም» ተብሎ እየተነገረው ይገባ ጀመር። ለዘበኛውም፣ «እሷ በፈለገችው ሰዓት ትግባ» አሉት። ክፍሉም ተለወጠ። በሽተኛው ሁሉ ክንዱን ከመስጠቱ በፊት «ምንድን ነው?» ይል ጀመር፤ ድሬሰሮቹም ሳይጠየቁ የመድኃኒቱንና የበሽተኛውን ስም መጥራት ለመዱ። ኦቦ ዱቤማ ሾርባ ሲመጣላቸው ሳይቀር ስሙን ካልነገራችሁኝ አልቀምስም እያሉ አስቸገሩ።

ትኩሳቱ በረደ፤ ቁስሉ ጠገገ፤ አጥንቱም ገጠመ። ከወራት በኋላ፣ ጌሾ ቅጠል በሚበጠስበት ሰሞን ገርባ በክራንች እየተራመደ ከሆስፒታሉ ወጣ። የጅማው አውቶቡስ ፉሪ መታጠፊያ ላይ ሲያወርዳቸው መንደርተኛው ሁሉ ቃሬዛ ይዞ ይጠብቅ ነበር።

ገርባ ቃሬዛውን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እምቢ» አለ ጮክ ብሎ፤ «በእግሬ ነው የምገባው!»

ሰዉ ተያየ። ጠጅቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀችና እልልታዋን ለቀቀችው። ሴቶቹ ተቀበሏት፤ ወንዶቹም ባዶውን ቃሬዛ ትከሻቸው ላይ አድርገው እየዘፈኑ ከኋላቸው ዳገቱን ተያያዙት።