የእንግሊዟ አንገት

እንግሊዟ ወደ ቤት የተመለሰችው በጆንያና በእንጨት ሣጥን ተከፋፍላ ነው። ሞተር ሳይክል ናት፤ አባት ይነዳት የነበረች፣ ከእሱ ሞት በኋላ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ስትንከራተት የኖረች የድሮ የእንግሊዝ ሥሪት። ሰዓት ሠሪው ልጁ ጎልማሳነቱን በሙሉ ሲፈልጋት ኖሮ በመጨረሻ አንድ የተዘጋ ወፍጮ ቤት ጓሮ ውስጥ ዶሮ ሰፍሮባት አገኛት። ያወቃት በመልኳ አይደለም፤ መልክማ የት ነበራትና! በቁጥሯ ነው። አባታቸው በሕይወት ሳለ በየእሑዱ የሻንሲዋን አንገት በዘይት ጨርቅ ወልውሎ፣ እዚያ ላይ የተመታውን ቁጥር ልጆቹ ጮክ ብለው እንዲያነቡለት ያደርግ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሞተሩ ላይ ያለውን ያነባሉ። ሁለቱ አንድ ናቸው። "አያችሁ፣ አብረው የተወለዱ ናቸው" ይላል አባት፣ ራሱ የወለዳቸው ይመስል እየተኩራራ። ልጆቹ ያንን ቁጥር በቃላቸው የያዙት ፊደል ሳይቆጥሩ ነው።

አባት የሞተው ከእሷው ላይ ወድቆ ነው፤ ከድልድዩ በላይ ያለው ቁልቁለት ላይ። ዝናብ ነው ተባለ፤ መንገዱ አንሸራተተው ተባለ። ልጆቹም ዝናቡን አምነው አደጉ።

ሣጥኖቹ ከጭነት መኪናው ሲወርዱ እናት በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ዓይናቸው ደከም ብሏል፤ እጃቸው ግን ገና የሚያየውን ያያል። ሻንሲው ሲወርድ ቀስ እያሉ ደረጃውን ወረዱና መሪው የሚገባበትን አንገት በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት።

"እማዬ፣ አወቅሻት?" አለ ልጃቸው፣ ፊቱ በርቶ።

እናት ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ወደ ቤት ገቡ። ሰዓት ሠሪው ትዝታ ነው ብሎ አለፈው። ታናሽ እህቱ ግን የእናቷን ፊት አይታ ነበር፤ ያ ፊት የትዝታ ፊት አልነበረም።

ይቺ ታናሽ እህት መኪና ቀቢ ናት። ወንድሟ ዛሬም፣ ፀጉሯ ሸብቶ እንኳ፣ "ሚጡ" ይላታል፤ የቀረው ሰው "ቀቢዋ" ነው የሚላት። በሥራዋ ቀልድ አታውቅም። ፀሐይ ቢጠብሰው፣ ብርድ ቢመታው፣ የእሷ ቀለም አይሰነጠቅም። አንድ የቀባችው ታክሲ አርጅቶ ለቁርጥራጭ ብረት ሲሸጥ ቀለሙ ገና ያበራ ስለነበር፣ ታክሲው ሞቶ ቀለሙ ቀረ እየተባለ ተወርቶላታል። እሷም ወሬውን ሲያነሡባት አትጠላም።

ወንድምና እህት ከቤቱ ኋላ ባለችው ክፍል ሥራ ጀመሩ። ጠባብ ናት፤ አንድ መስኮት፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሌላ ሻንሲ። ይህኛው የዚያው ዓይነት ሞተር ሳይክል አካል ነው፤ ሻጩ ለመለዋወጫ ይሁናችሁ ብሎ የመረቃቸው። ሰዓት ሠሪው ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ እያንዳንዷን ብሎን እንደ ሰዓት ጥርስ ያገላብጣል። እንግሊዟ በሚሊሜትር ቁልፍ የማትፈታ፣ በኢንች ብቻ የምትግባባ ኩሩ ፍጥረት ናት። ሞተሩ ተገጣጥሞ መጀመሪያ ሲነሣ ሥሯ የዘይት ጠብታ ታየ፤ ሰዓት ሠሪው ከመናደድ ይልቅ ደስ አለው። "እንግሊዝ ዘይት የሚያንጠባጥበው እኮ ወደ ቤቱ መመለሻው እንዳይጠፋው ነው" ብሎ ብቻውን ሳቀ።

ከዚያ ሞተሩ ወርዶ የቀለም ተራ መጣ። ቀቢዋ አሮጌውን ቀለም ከሻንሲው ላይ ስትልጥ አንገቱ ላይ ስትደርስ እጇ ዘገም አለ። ጥቁሩ ሲነሣ ከሥሩ ጉድጓድና ስንጥቅ የሚሞላበት ስቱኮ ወጣ። ስቱኮ ብረት ላይ ያለ ምክንያት አይቀመጥም። በብርጭቆ ወረቀት ስታሸው ቢጫ ነገር አበራ።

"ጋሼ፣ ና እስቲ ይቺን እይ።"

"ምን ተገኘ? ወርቅ ከሆነ ለእኩል ነው።"

"ነሐስ ነው። ተበይዷል። ደግሞ አንዴ አይደለም፤ ይኸውልህ፣ አንዱ ብየዳ በሌላው ላይ ተደርቧል።"

ሰዓት ሠሪው በመነጽሩ አየና ትከሻውን ነቀነቀ። "ታዲያ ምን አለበት? ይዞ የለም እንዴ?"

 እሷ ብሩሽ በላምባ ነክራ አንገቱን ዙሪያውን ቀባችው፤ ትንሽ ቆየችና በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጋ ጠረገችው። ከዚያ ጠመኔ ፈጭታ ነሰነሰችበት። አንገቱ ነጣ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጠበቁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ ከታች በኩል አንዲት ጥቁር ነጥብ ወጣች፤ ነጥቧ ጭረት ሆነች፤ ጭረቷ ማንም ሳይነካት በነጩ ላይ እየተሳበች ዙሪያውን ትሄድ ጀመር። ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የነበረው ላምባ ነው ወደ ጠመኔው የሚወጣው።

"የድሮ ጭረት ነው" አለ ሰዓት ሠሪው። ድምፁ ግን ቀንሷል።

"ጭረት ላምባ አይጠጣም ጋሼ።"

ጠርጋ ደገመችው። መስመሩ በዚያው መንገድ ተመልሶ መጣ። ቀቢዋ ፈራች። ብረት አይታ ስትፈራ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሻንሲው ውስጥ ያለው ነገር እነሱን አውቆ የሚጠብቃቸው መሰላት።

በያጁ ጎረቤታቸው ተጠርቶ መጣ። ገና ነሐሱን ሲያይ እጁን አጣምሮ ቆመ። "እዚህ ላይ ነሐስ ገብቶበታል፤ አሁን የኔ ብየዳ አይዝም። እሳት ባበዛሁ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። ይህንን እኔ አልነካም" አለና ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

"በቃ ያኛውን እናውርደው" አለች ቀቢዋ ወደ ግድግዳው እያሳየች። "በጠመኔ አይቼዋለሁ፤ እንከን የለበትም።"

"ቁጥሩስ?"

"ቁጥር ምን ያደርግልሃል? የምትቀመጠው ቁጥሩ ላይ ነው?"

"ቁጥሩ ከተለየማ እሷ አይደለችም! የሆነች ሌላ ሞተር ሳይክል ናት። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን የሆነች ሌላ ሞተር ሳይክል ነው እንዴ ስፈልግ የኖርኩት?"

የአሮጌ ሞተር ወዳጆች እንዲህ ናቸው። ሲገናኙ ጤና ይስጥልኝ ከማለታቸው በፊት "የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ አንድ ነው?" ነው የሚባባሉት። አንድ ከሆነ ባርኔጣ ይነሣል፤ ካልሆነ የሰውዬው ሚስት ጥላው የሄደች ያህል ይታዘንለታል። ሰዓት ሠሪው ለእሑዱ የአሮጌ ሞተሮች ሰልፍ ተመዝግቧል። ከዚያ በላይ ደግሞ ለእናቱ ቃል ገብቷል፤ ያን ዕለት ከኋላው አስቀምጦ እንደ ድሮው ከተማውን ሊያዞራቸው። ስለዚህ እህቱ የቱንም ያህል ብትናገር ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

"ካልቀባሽልኝ ሌላ ቀቢ አላጣም" አለ በመጨረሻ። "ለአንድ ቀን ነው ሚጡ። አንዲት ቀን። ከዚያ በኋላ ሳሎን አቆማታለሁ።"

ሌላ ቀቢ ስቱኮውን ጠፍጥፎ እንደሚመልስበት ታውቃለች። ሌላ ሰው ከሚደብቀው በዓይኔ ሥር ይሁን አለችና ቀባችው። አንገቱ ላይ ስቱኮ የሚባል አላስነካችም፤ የቁጥሩ አሃዞች እንዳይሞሉ ቀለሙን አቅጥና፣ ግን ሕይወቷን ሙሉ እንደቀባችው አድርጋ ቀባችው። ነዳጅ ታንኩ ላይም ወርቃማውን መስመር በእጇ ቀጥ አድርጋ ሳበች። 

አንድ ቀን ከሰዓት እናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ ሳለ ስለ ስንጥቁ ልትነግራቸው አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። እናት ቀድመው "አንገቷን ምን ቀባሽው?" አሉ።

"ጥቁር ነው እማዬ። ለምን ጠየቅሽኝ?"

"እንዲያው ነው" አሉ እናት፣ የቀኝ ባታቸውን እያሻሹ። እዚያ ላይ የእንግሊዟ ጭስ ማውጫ በሙሽራነታቸው ያቃጠላቸው ጠባሳ አለ።

ቅዳሜ ሰዓት ሠሪው ብቻውን ሰፈሩን ዞሮ ተመለሰ። ከሩቅ ድምፁ ሲሰማ፣ ያ የማይቸኩል ድም ድም፣ ሰው ከየሱቁ ብቅ ብሎ አየ። ማርሹ በቀኝ እግር፣ ፍሬኑ በግራ፤ የዛሬ ልጆች ቢጋልቧት ግድግዳ ጋር ነበር የሚሳሳሙት፤ እሱ ግን አብሯት ያደገ ይመስላል። ገና ሳይወርድ ቀቢዋ ተንበርክካ አንገቱን በባትሪ አየች። ጥቁሩ እንደ ውሃ ያበራል፤ አንድ ክር የለበትም። እፎይ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"አላልኩሽም?" አላት።

እሑድ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ሰዓት ሠሪው እንግሊዟን በድንጋይ ንጣፉ ላይ እያንገጫገጨ ከጓሮ ወደ በር አመጣት። እናት ከሣጥን ያወጡትን የድሮ ካፖርት ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በሻሽ ጥብቅ አድርገው አስረው ወጡ። ልጆቹ ከፍ አድርገው ከኋላ አስቀመጧቸው። የኋላው ስፕሪንግ ሲጥጥ አለ። ሰዓት ሠሪው የማስነሻውን ፔዳል አንዴ ቢረግጥ ተነሣች።

ቀቢዋ ታንኩ ላይ ያረፈ አቧራ ልትጠርግ ጎንበስ አለች። ያኔ ነው ያየችው። በአንገቱ ዙሪያ፣ በራሷ ቀለም ላይ፣ ከፀጉር የቀጠነ መስመር። ሞተሩ በመታ ቁጥር መስመሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

"ጋሼ አጥፋት።"

"ምን ሆንሽ?"

"ተሰንጥቋል። አጥፋት አልኩህ!"

ሰዓት ሠሪው ወደ ፊት ተጎንብሶ አየ። ማየቱን እሷ አይታለች፤ ዓይኑ መስመሩ ላይ አርፎ እዚያው ቆይቷል። ከዚያ ቀና አለና "ቀለሙ ነው" አለ። "ቀለሙ ነው እንጂ ብረቱ ምንም አልሆነ።"

ቀቢዋ ተናደደችም፣ ፈራችም። የእሷ ቀለም! መልስ ከመስጠቷ በፊት ግን እናት ናቸው የተናገሩት።

"ምን አልክ?"

"ምንም አይደለም እማዬ። ቀለሙ ተሰንጥቆ ነው።"

"እንደሱ ነው ያለኝ" አሉ እናት።

"ማን?"

"አባትህ። ያን ዕለት ጠዋት፣ እዚሁ በር ላይ። እኔም እንዲህ ኋላው ተቀምጬ። አንገቷ ላይ ክር የመሰለ ነገር አየሁና ነገርኩት። 'ቀለሙ ነው' አለኝ። አስበይዷት እንደነበር አውቃለሁ፤ ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። ሰውነቷን ቀይርላት ስለው 'ቁጥሩስ?' ነበር መልሱ።"

ሞተሩ ይመታል። ሰዓት ሠሪው አንገቱን ሳያዞር "ዝናቡስ?" አለ።

"ዝናቡ የመጣው ከሰዓት ነው፣ እሱን ካነሡት በኋላ። ሰው ዝናብ ነው ሲል እኔም ዝናብ ነው አልኩ። እንግዲህ ምን ልበል? እኔ ፈርቼ ወርጄ፣ እሱ ብቻውን ሄደ ልበል?"

ቀቢዋ እጇን ዘረጋች። "ነይ እማዬ፣ ውረጂ። እኔ ልያዝሽ።"

"አልወርድም።" እናት በሁለት እጃቸው የልጃቸውን ወገብ ጨምድደው ያዙ። "ያኔ ስወርድለት ጊዜ ቀለለው፤ እኔ ከኋላው ብሆን ኖሮ ይሄድ ነበር? ይኸው ዛሬ አልወርድም። ቀለሙ ነው ካልክ ንዳ። አብረን እንሄዳለን።"

ሰዓት ሠሪው ቀኝ እጁ ነዳጅ መስጫው ላይ ነው። እህቱ ያቺን እጅ ብቻ ነው የምታየው። እጁ ትንሽ ዞረ፤ ሞተሩ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ መስመሩ ተከፈተ። ቀቢዋ መሪውን ጨብጣ ከጎማው ፊት ቆመች፤ መሄድ ከፈለገ በእሷ ላይ ይሄዳል። 

ከዚያ አጠፋት።

 ሁለቱ ልጆች እናታቸውን ደግፈው አወረዱና በረንዳው ደረጃ ላይ አስቀመጧቸው።  ሰዓት ሠሪው ፊቱን ሳያሳያቸው ተመልሶ ሄደ፤ እንግሊዟን በማቆሚያዋ ላይ ሊያወጣት መሪዋን ይዞ ወደ ኋላ ሳባት፤ ከዚህ ያለፈ ኃይል አላረፈባትም።

ደረቅ ጭራሮ የተሰበረ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። አካሏ ታንኩን እንደያዘ በደረቱ መሬት መታ፤ የፊት ጎማዋ ከነአንገቷ፣ በሽቦዎቿ ብቻ ተይዞ፣ በእጁ ላይ ቀረ።

"ምንድን ነው የወደቀው?" አሉ እናት ከደረጃው። 

ቀቢዋ ተንበርክካ ስብራቱን አየች። ዙሪያውን ጥቁር ነው፤ የቆየ፣ ዝገት የበላው ጥቁር። አዲስ ተሰብሮ የሚያበራው ብረት የተቆረጠ ጥፍር አያህልም። እናታቸውን ጭኖ እስከ ቁልቁለቱ ሊወስዳቸው የነበረው ይኸው ነው።

ሰዓት ሠሪው መሬት ላይ ተቀመጠ። አንገቷን ጭኑ ላይ አድርጎ በእጅጌው ወለወላት፤ ከዚያ እንደ ልጅነቱ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። መጨረሻው ላይ ሳይደርስ ድምፁ ተቋረጠ። ቁጥሩ ግን ሙሉ ነበር፤ አንድም አሃዝ አልጎደለበትም።